የልጅን እፍኝ በቁና አትስፈሩ

የእህቴ ልጅ አራት ዓመት ከአምስት ወሩ ነው። ለዚህ ጽሑፍ ማሙሽ እንበለው፤ እውነተኛ ስሙ ለራሱ ይቆይለት። ባለፈው ሰሞን ማሙሽ ከኬጂ ሲመለስ፣ መምህርና ወላጅ የሚጻጻፉበት ደብተር ላይ በቀይ እስክሪብቶ እንዲህ የሚል ተጽፎ መጣ። «ከሰሌዳ መገልበጥ ይዘገያል። ትኩረት የለውም። ቤት ውስጥ ክትትል ይደረግለት።»

ሦስት ዓረፍተ ነገር ብቻ! ፍርድ ቤት እንኳን ሰው ላይ ሲፈርድ ምክንያቱን ዘርዝሮ ነው፤ ይግባኝም ይፈቅዳል።

እህቴ አነበበችው፤ ከንፈሯን ነከሰች፤ በዚያው ማታ «ክትትሉ» ተጀመረ። ማሙሽ ራት ሳይበላ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ፣ ግድግዳው ላይ በወረቀት የተለጠፈለትን «ላም»፣ «በግ»፣ «ቤት» ይገለብጣል። ቀና ይላል፣ ጎንበስ ይላል፣ እርሳሱን ይነክሳል፣ እንደገና ቀና ይላል፣ ይጠፋበታል። «እያየኸው!» ትለዋለች። ያለቅሳል። እናቴ ከማዕድ ቤት ሆና «ኧረ ተዪው ልጁን! ገና ነፍስ እንኳን በቅጡ አላወቀ» ብትልም የሰማት የለም። አያት ምን ታውቃለች? እሷ ኬጂ አልገባች!

እኔ ደግሞ ጋዜጠኝነት ነው የተማርኩት። «ማን፣ ምን፣ መቼ፣ የት፣ ለምን፣ እንዴት» ሲሉን ነው የከረሙት። የዚያን ቀን ማታ ከስድስቱ አንዷ እንቅልፍ ነሳችኝ። ለምን? አንድ ጤነኛ፣ ቀልደኛ፣ የሰፈሩን ውሻ ሁሉ በስም የሚጠራ ልጅ ሦስት ቃል ከግድግዳ ወደ ደብተር ማውረድ ለምን ያቅተዋል? ላነብ ተቀመጥኩ። ያነበብኩት አናደደኝ። ይኸው ንዴቴን ላካፍላችሁ መጣሁ።

አቋሜን ከወዲሁ ልናገርና ከዚያ ተከራከሩኝ። ማሙሽ አልሰነፈም። ትኩረትም አላጣም። ጥፋቱ ባልበቀለ ጥርስ አጥንት ቆርጥም በምንለው በእኛ ላይ ነው።

*

እስቲ መገልበጥ ማለት ምን እንደሆነ አስቡት። ሰሌዳውን ታያላችሁ። ከዚያ ዓይናችሁ ከሰሌዳው ይነሳና ወደ ደብተሩ ይወርዳል። በዚያች መሐል ያያችሁት ነገር የትም የለም፤ ዓይናችሁ ላይ የለም፣ ወረቀቱም ላይ ገና አልሰፈረም። ታዲያ ማን ያዘው?

አእምሮ ውስጥ ለዚህ የተሰጠች ትንሽ ቦታ አለች። ፈረንጆቹ «ወርኪንግ ሜሞሪ» ይሏታል፤ ያዩትን ለጥቂት ሰከንድ ይዞ ሥራ የመሥራት አቅም መሆኗ ነው። አምና ለጥምቀት የለበስነውን ቀሚስ የምናስታውስበት ሌላ ነው፤ ያ ጎተራ ነው። ይቺኛዋ እፍኝ ናት። ከጎተራው ብንዘግንም፣ ከፊታችን ካለው ሰሌዳ ብንዘግንም በእሷው ነው። በጣታችን መሐል የሚፈሰው ይፈሳል።

ለመሆኑ የአዋቂ ሰው እፍኝ ስንት ይይዛል? እ.ኤ.አ. በ1956 ጆርጅ ሚለር የተባለው አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ሊቅ «ሰባት ገደማ» ብሎ ነበር። በ1997 ስቲቨን ላክና ኤድዋርድ ቮግል ሰዎችን ባለ ቀለም ካሬዎች ለቅጽበት እያሳዩ፣ ጥቂት አቆይተው እንደገና እያሳዩ «የተለወጠ አለ?» ብለው ሲጠይቁ ያገኙት ከዚያ ያነሰ ነው፤ አራት ገደማ። በ2001 ኔልሰን ኮዋን ብዙ ጥናቶችን ሰብስቦ ሲያይም አራት አካባቢ ላይ ቆመ። አዎ፣ አራት! ዲግሪ የጫንነው፣ መኪና የምንነዳው፣ በሦስት ቋንቋ የምንጨቃጨቀው ሰዎች የዓይናችን እፍኝ አራት ነገር ገደማ ነው የሚይዘው።

«እኔ ግን ሙሉ ዓረፍተ ነገር አይቼ እገለብጣለሁ» ትሉኝ ይሆናል። ልክ ናችሁ። የምትገለብጡት ግን ቅርጽ አይደለም፤ የምታውቁት ቃል ነው። «ትምህርት ቤት» ለእናንተ አንድ ነገር ነው፤ ጎተራችሁ ውስጥ ስላለ እንደ አንድ ትልቅ ፍሬ ትይዙታላችሁ። ካላመናችሁኝ አንድ የቻይና ኩባንያ የተከለው ታፔላ ፊት ቁሙና በቻይንኛ የተጻፈውን በደብተራችሁ ገልብጡ። ለአንዷ ምልክት ስንት ጊዜ ቀና እንደምትሉ ቁጠሩ። ከኋላችሁ ደግሞ አንድ ሰው ቆሞ «ፍጠን! ትኩረት የለህም!» ይበላችሁ።

እንግዲህ ለአራት ዓመት ልጅ ፊደል ማለት ያ ታፔላ ነው። ልዩነቱ እናንተ አራት ትይዛላችሁ፤ እሱ ግን ከዚያ ያነሰ።

*

ምን ያህል ያነሰ? ነገሩ የሚያስገርመው እዚህ ጋ ነው።

ስድስት ወር ሕፃን «ያየኸውን አስታወስከው ወይ?» ተብሎ አይጠየቅም። የሚጠየቀው ዓይኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 ሻነን ሮስ-ሺሂ፣ ሊሳ ኦክስና ስቲቨን ላክ ሕፃናትን እናታቸው ጭን ላይ አስቀምጠው ጎን ለጎን ሁለት ስክሪን አሳዩአቸው። በሁለቱም ላይ ባለ ቀለም ካሬዎች ብልጭ ጥፍት ይላሉ፤ ግማሽ ሰከንድ ይታያሉ፣ ሩብ ሰከንድ ይጠፋሉ። በአንደኛው ስክሪን ላይ በተመለሱ ቁጥር ካሬዎቹ ያው ናቸው። በሌላኛው ላይ ግን በየጊዜው የአንዷ ቀለም ይለወጣል። ሕፃን አዲስ ነገር ይወዳል። የቀድሞውን ቀለም በዚያች ሩብ ሰከንድ ውስጥ ይዞ ከቆየ፣ የሚለዋወጠውን ስክሪን አብልጦ ያያል። ካልያዘ ግን ሁለቱም ለሱ ያው ናቸው።

የአራት ወርና የስድስት ወር ተኩል ሕፃናት ለውጡን የያዙት በስክሪኑ ላይ አንድ ካሬ ብቻ ሲኖር ነበር። ሁለት ሲሆን አለቀ። የአሥር ወርና የአሥራ ሦስት ወሮቹ ግን ካሬዎቹ ሦስትና አራት ሆነውም ለይተውታል። እነዚሁ ተመራማሪዎች በ2006 ደግሞ «የቱ ቀለም የቱ ቦታ ላይ ነበር?» የሚለውን ፈተኑ። የስድስት ወር ተኩሎቹ አልቻሉም፤ የሰባት ወር ተኩሎቹ ቻሉ። አያችሁ? አንድ ወር! ማንም አላስጠናቸውም፤ ማንም ቀይ እስክሪብቶ አልያዘባቸውም። ጡታቸውን እየጠቡ ነው የቻሉት።

ሌላም ልጨምር። ሕፃን ፊት አሻንጉሊት አንዴ እዚህ ጨርቅ ሥር፣ አንዴ እዚያ ጨርቅ ሥር ትደብቁና ጥቂት አቆይታችሁ «ፈልግ» ትሉታላችሁ። ዣን ፒያዤ ከብዙ ዘመን በፊት እንደጻፈው፣ ሕፃኑ አሁን ሲደበቅ ያየበትን ትቶ ቀድሞ ወዳገኘበት ይሄዳል። አዴል ዳይመንድ እ.ኤ.አ. በ1985 ያሳተመችው ጥናት እነዚያኑ ሕፃናት ለወራት ተከታትሏል። በሰባት ወር ተኩል የሁለት ሰከንድ ያህል ቆይታ ያሳስታቸው ነበር። ዓመት ሲሞላቸው ከአሥር ሰከንድ በላይ ካልቆየ አይሳሳቱም። በወር ሁለት ሰከንድ ገደማ! የልጅ አእምሮ በዚህ ፍጥነት ነው የሚሄደው፤ ይህ ደግሞ ከባንክ ወለድ ይሻላል።

በ2002 ሊሳ ፋይገንሰንና ባልደረቦቿ የአሥርና የአሥራ ሁለት ወር ሕፃናት ፊት በሁለት ዕቃ ውስጥ ብስኩት አንድ በአንድ እየከተቱ ወዴት እንደሚድሁ አዩ። አንድና ሁለት ሲሆን ወደ ሁለቱ ሄዱ። ሁለትና ሦስት ሲሆን ወደ ሦስቱ ሄዱ። ሦስትና ስድስት ሲሆን ግን፣ ስድስቱ እጥፍ ሆኖ ሳለ፣ እንደ ዕድል ወዲህም ወዲያም ሆኑ። እፍኙ ከሦስት በላይ ሲሞላ ብስኩቱ ፈሰሰ። ብስኩት የማይወድ ልጅ የለም እኮ! ፍላጎት ቢያጡ ነው እንዳትሉኝ።

*

አሁን ብልጥ የሆነ አንባቢ አንድ ጥያቄ ያነሳል። «የአሥር ወሩ ሕፃን ሦስትና አራት ከያዘ፣ ያንቺ የአራት ዓመት ማሙሽ ምን ሆኖ ነው?»

ጥሩ ጥያቄ ነው። መልሱ የዚህ ሁሉ ክርክር እምብርት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2006 ኬቪን ሪግስና ባልደረቦቹ ልጆችን እንደ አዋቂ ፈተኗቸው፤ ካሬዎቹን አሳይተው «ተለውጧል ወይስ አልተለወጠም?» ብለው መልስ ጠየቁ። የአምስት ዓመት ልጆች የያዙት አንድ ተኩል ገደማ ነበር። ሰባት ዓመቶቹ ሦስት ሊሞላ ጥቂት የቀረው። አሥር ዓመቶቹ አራት ገደማ። ሌሎች ተመራማሪዎች አፈታተኑን ለልጅ ሲያቀሉት ቁጥሩ ከፍ ይላል፤ ዕድሜ ሲጨምር አቅም እንደሚጨምር ግን ሁሉም ያያሉ።

ታዲያ ሕፃኑ ከአምስት ዓመቱ ልጅ በለጠ ማለት ነው? አይደለም። ቫኔሳ ሲመሪንግ በ2012 ባሳተመችው ሥራ እንዳስረዳችው ሁለቱ ፈተናዎች አንድ ነገር አይጠይቁም። ሕፃኑ የተጠየቀው «የቱ ይስብሃል?» ነው። ካሬዎቹ ደጋግመው እየመጡለት፣ ጊዜ እየተሰጠው፣ አንዱን ለውጥ እንኳን ቢይዝ ይበቃዋል። የአምስት ዓመቱ ልጅ ግን አንዴ ለቅጽበት ያያል፣ ይይዛል፣ ያመሳክራል፣ ይወስናል፣ በአፉ ይናገራል። አንዱ አእምሮ በሁለት ዓይነት ጥያቄ ሁለት ዓይነት ሰው ይመስላል።

ይህንን በደንብ ያዙልኝ። የልጅ ውጤት የልጁን ብቻ አይናገርም፤ የጠየቀውንም ይናገራል። «መገልበጥ ይዘገያል» የሚለው ዓረፍተ ነገር ውስጥ ማሙሽ አለ፤ ሰሌዳውም አለ፣ የሰሌዳው ርቀትም አለ፣ የተጻፈው ቃል ብዛትም አለ። ቀዩ እስክሪብቶ ግን ያየው ማሙሽን ብቻ ነው።

*

ወደ ሁለተኛው ክስ እንለፍ። «ትኩረት የለውም»።

ይቺን ቃል የማትወረውር ኬጂ ያለች አይመስለኝም። ወላጅ ደግሞ ሲሰማት ይደነግጣል። ሌሊቱን ሙሉ ኢንተርኔት ላይ የበሽታ ስም ሲፈልግ ያድራል። በእርግጥ ትኩረት ላይ እውነተኛ ችግር ያለባቸው፣ ሐኪም ማየት ያለባቸው ልጆች አሉ። በሁለት መስመር ቀይ ጽሑፍ ግን አይለዩም።

ኮዋንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2010 ያሳተሙት ጥናት ላይ ሰባት ዓመት ገደማ የሆናቸው ልጆችና አዋቂዎች ባለ ቀለም ክቦችና ሦስት ማዕዘኖች ይታዩአቸው ነበር። «በዋናነት ክቦቹን ተከታተል፤ ሦስት ማዕዘኖቹ ብዙም አይጠየቁም» ይባላሉ። ቅርጾቹ ጥቂት ሲሆኑ ልጆቹ ትኩረታቸውን ልክ እንደ አዋቂ ነው ያከፋፈሉት። ዋናውን ያዙ፣ ትርፉን ተዉ። ቅርጾቹ ሲበዙ ግን ያ ችሎታ ተበተነ።

እንግዲህ ማን ማንን አመጣ? እኛ «ትኩረት ስለሌለው አልያዘም» እንላለን። ይህ ጥናት ግን «ከአቅሙ በላይ ስለተጫነ ትኩረቱ ተበተነ» የሚል ነው። አህያ ከአቅሟ በላይ ተጭና ስትወድቅ «የመቆም ፍላጎት የላትም» ብሎ የሚጽፍባት ባለቤት አለ? ጭነት ይቀንሳል እንጂ! ለአህያ ያለንን ማስተዋል ለልጅ ነፈግነው።

በየቤታችንስ? «ጫማህን አውልቅ፣ ቦርሳህን አስቀምጥ፣ እጅህን ታጠብና ና ብላ።» አራት ትእዛዝ በአንድ ትንፋሽ። ልጁ ጫማውን አውልቆ መሐል ሳሎን ቆሞ ያፈጣል። «አትሰማም?!» ሰምቷል እኮ። እፍኙ ሞላ እንጂ ጆሮው አልተደፈነም።

*

የፊደልን ነገር ሳላነሳ ብቀር ንዴቴ አይወጣልኝም።

ፊደላችን ሠላሳ ሦስት ረድፍ በሰባት ነው፤ 231። ውበቱም መከራውም መመሳሰሉ ላይ ነው። በ፣ ቡ፣ ቢ፣ ባ፤ አንዲት ጭረት ከጎን፣ አንዲት ጭረት ከሥር፣ አንድ እግር አጠር። ግራሃም ሂችና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1988 እንዳሳዩት፣ አምስት ዓመት ገደማ የሆኑ ልጆች ሥዕል ሲያስታውሱ የሚሳሳቱት የነገሮቹ መልክ ሲመሳሰል ነው። የሚይዙት በዓይን ነዋ! አሥር ዓመት ገደማ የሆኑት ግን የሚያስቸግራቸው የነገሮቹ ስም መርዘም ነው፤ ምክንያቱም እነሱ ሥዕሉን በልባቸው ስም እየጠሩ በድምፅ ይይዙታል። እኛ ትልልቆቹ ያየነውን ሁሉ በሹክሹክታ እየጠራን የምንይዝ ስለሆንን፣ ልጁም እንደዚያ የሚያደርግ ይመስለናል። እሱ ግን «ቡ» ብሎ ሳይሆን አንድ ቅርጽ ከነጭረቱ በዓይኑ ይዞ ነው ከሰሌዳ ወደ ደብተር የሚሻገረው። መንገድ ላይ ጭረቷ ብትወድቅበት ይገርማል?

በሌላ በኩል «ሀ ሁ ሂ ሃ» ብሎ እንደ ዘፈን የሚወርደው ልጅ ፊደል ለየ ብለን እናጨበጭባለን። ጆሮው ነው የለየው። መሐሉ ላይ አንዷን ጠቁማችሁ «ይቺ ማን ናት?» በሉት፤ ከ«ሀ» ጀምሮ ይወርድላችኋል። የጥንቶቹ የኔታዎች ይህንን አውቀውት ነበር። ፊደሉን በስንደዶ አንድ በአንድ እያስነኩ፣ አንድ ልጅ በአንድ ጊዜ ያዩ ነበር። ተራውን በቃሉ ያንበለበለውን ደግሞ በአቡጊዳ ቅደም ተከተሉን አዘበራርቀው ዓይኑ መለየቱን ያረጋግጡ ነበር። አለንጋቸውን አልናፈቅኩም፤ እሱ ይቅርብን። ስንደዶዋ ግን ሥራ ታውቅ ነበር፤ የምታሳየው አንድ ፊደል ነው። የዘመኑ ሰሌዳ በአንድ ጊዜ ሃያ ያሳያል። አለንጋውን ወስደን ስንደዶዋን ጣልናት።

አለንጋ ካልኩ አይቀር፣ «ስለዘገየ» መዳፉን በማስመሪያ የሚመታ ልጅ ዛሬም አለ። እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ ሥራ ላይ ያለው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ልጅ በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነፃ የመሆን መብት አለው ይላል። ሕጉን ለጊዜው ተዉትና አመክንዮውን እዩ። እፍኙ ትንሽ የሆነችን ልጅ እጁን ብትመቱት እፍኙ ይሰፋል እንዴ?

*

ተቃውሞዎቹን አውቃቸዋለሁ፤ ታክሲ ውስጥም፣ ለቅሶ ቤትም ሰምቻቸዋለሁ።

«እኛስ እንዲህ ተገርፈን አይደል ሰው የሆንነው?» ሰው የሆንነውማ አድገን ነው። እፍኛችን በዓመቱ ሰፋ፤ ምስጋናውን ዱላው ወሰደው። ዶሮ ጮኸና ነጋ፤ ዶሮው ያነጋው መሰለን።

«ቀድሞ ከጀመረ ይቀድማል።» ይህ ዕዳ ብዙ አገር አዙሯል። እ.ኤ.አ. በ1993 ሞዛርት ሙዚቃ ያዳመጡ የኮሌጅ ተማሪዎች አንድ የቅርጽ ፈተና ላይ ለደቂቃዎች ያህል ተሻሉ ተባለ። ልብ በሉ፣ ሕፃናት አልነበሩም። በ1998 ግን የአሜሪካዋ ጆርጂያ ግዛት ገዥ ለሚወለድ ሕፃን ሁሉ የክላሲካል ሲዲ መግዣ በጀት ጠየቀ። «ቤቢ አይንስታይን» የተባለውን የሕፃናት ቪዲዮ ዲዝኒ በ2001 ገዝቶ ቸበቸበው፤ በ2009 ለገዙ ወላጆች ገንዘባቸውን ልመልስ አለ። ጁዲ ዴሎችና ባልደረቦቿ በ2010 እንዳሳተሙት፣ ለአራት ሳምንት እንዲህ ያለ ቪዲዮ ያዩ ሕፃናት ካላዩት የተሻለ ቃል አልለቀሙም። የተሻለ የለቀሙት ወላጆቻቸው በዕለት ኑሮ መሐል ያስተማሯቸው ነበሩ። ዛሬ ያው ዕቃ ስሙን ለውጦ በየሞባይላችን ላይ አለ። የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ በ2019 ዓመት ላልሞላው ሕፃን ስክሪን ጭራሽ አይመከርም፤ ከሁለት እስከ አራት ዓመት ላለው ከአንድ ሰዓት አይብለጥ ብሏል።

«እሺ፣ እፍኙን በልምምድ እናሰፋዋለን።» ይህም ተሞክሯል። ሞኒካ ሜልቢ-ሌርቮግና ቻርልስ ሁልም በ2013 የሥልጠናዎቹን ጥናቶች ሰብስበው ሲመዝኑ፣ ልጆች በሠለጠኑበት ጨዋታ ለጊዜው ይጎብዛሉ፤ ወደ ንባብና ወደ ሒሳብ የሚሻገር ነገር ግን አላገኙም። እፍኝ በጎታች አይረዝምም። ይልቅስ ጎተራው ይሞላል። ልጁ ተረት ሲሰማ፣ ዕቃ ሲነካ፣ ሲጠይቅ፣ ሲጫወት የሚያውቀው ይበዛል፤ የሚያውቀው ሲበዛ ደግሞ በዚያችው ትንሽ እፍኝ ትልልቅ ፍሬ ይይዛል። «ትምህርት ቤት» ለናንተ አንድ ነገር የሆነውም በዚሁ መንገድ ነው።

*

ደግሞ ሁሉን ነገር በመምህሯ ላይ ልደፋው አልፈልግም። የማሙሽ ሚስ ከኔ ብዙም የማትበልጥ ልጅ ናት። ክፍል ሙሉ ሕፃን ተሸክማ፣ አፍንጫ እየጠረገች፣ ሽንት ቤት እየወሰደች ታስተምራለች። ደብተሩን በጽሑፍ እንድትሞላ የሚያስገድዳት ማነው?

እኛ ነን። ከፋይዎቹ! ማታ ደብተር ገልጠን «ዛሬ ምንም አልተማሩም እንዴ?» የምንለው፣ ባዶ ገጽ ስናይ ርእሰ መምህር ቢሮ የምንሮጠው፣ «የእከሌ ልጅ በአራት ዓመቷ ዓረፍተ ነገር ትጽፋለች» እያልን በቡና ላይ ልጅ የምናስወዳድረው እኛው ነን። ትምህርት ቤቱ የምንገዛውን ነው የሚሸጥልን። ሕፃኑ ሲጫወት ውሎ ቢመጣ ገንዘባችን የተበላ ይመስለናል። በአምስት ዓመቱ የመግቢያ ፈተና አስቀምጠን «ወድቋል» ሲሉን አብረን የምናፍረው እኛ ነን። ያን ሁሉ ሰልፍ ተሰልፈን፣ ልጃችንን በገዛ ገንዘባችን እናስገፋለን።

ስለዚህ ጥያቄዬ ለእኛው ነው፤ ጥቂት ነው፤ ብዙ ብዘረዝር ያው ከአራት በላይ አትይዙልኝም።

አንድ፣ ከሰሌዳ መገልበጥ ከኬጂ ይውጣ። ልጁ የሚጽፈው ካለ ሞዴሉ እጁ አጠገብ ይቀመጥ፤ ያኔ ዓይኑ ሩቅ አይሰደድም።

ሁለት፣ ትእዛዝ አንድ በአንድ ይሰጥ። ሲረሳ ይደገምለት፤ መድገም ማሞላቀቅ አይደለም።

ሦስት፣ «ትኩረት የለውም» ብሎ ከመጻፍ በፊት ጭነቱ ግማሽ ይደረግና ይታይ። ከዚያም ካቃተው ሐኪም ይየው፤ ያኔ አብረን እንሄዳለን።

አራት፣ ወላጅ ባዶ ደብተር መፍራት ይተው።

*

ባለፈው እሑድ ከማሙሽ ጋር ምንጣፍ ላይ ተቀመጥን። ሦስት ስኒ ደፋሁ፤ ሥራቸው ቆርኪ ደበቅኩ። አንድ ስኒ ሥር ስደብቅ ወዲያው አገኘ። ሁለት ስኒ ሥር ስደብቅ አገኘ፤ እየሳቀ። የተለያየ ቀለም ያላቸው ሦስት ቆርኪዎች በሦስቱም ሥር ደብቄ «ቀዩ የት ነው?» ስለው ተሳሳተ። ደግሞ ተሳሳተ። ከዚያ ቀና ብሎ አይቶኝ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ቀስ ብለሽ ደብቂው እንጂ!»

እውነቱን ነው። ከዚህ ሁሉ ጥናት በኋላ ከዚህ የተሻለ ምክር አላገኘሁም። ቀስ ብዬ ደበቅኩት፤ አገኘው። እህቴ ቆማ ታየን ነበር። ምንም አላለችም። ማታ ግን ግድግዳው ላይ የነበረው ወረቀት ተነስቶ ጠረጴዛው ላይ፣ ከማሙሽ ደብተር ጎን ተቀምጦ አየሁት። «ላም» ብቻ ነበር የተጻፈበት። ደብተሩ ላይ ደግሞ ከቀዩ ጽሑፍ ሥር በሰማያዊ እስክሪብቶ «ይዘገያል፤ እንጠብቀዋለን» ብላ ፈርማለች።

አንድ ነገር ልጨምርና ልጨርስ። ይቺ እፍኝ ወጣትነት ላይ ትሞላለች፤ ዕድሜ ሲገፋ ደግሞ ትጠብባለች። እኛም የያዝነው የሚፈስብን ቀን ይመጣል። ባንክ መስኮት ፊት ቆመን፣ ፎርም ላይ ቁጥር መገልበጥ ሲያቅተን፣ መነጽራችንን ከፍ ዝቅ ስናደርግ፣ ከመስኮቱ ወዲያ የምትቀመጠው ወይም የሚቀመጠው ዛሬ ኬጂ የሚያለቅሰው ልጅ ነው። ያኔ «ቀስ ይበሉ፣ ልድገምልዎት» ይለን ይሆን? ወይስ ቀይ እስክሪብቶ ያነሳል?

አበው በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም ያሉት እኮ ዝም ብለው አይደለም።